የሃያ አንድ ቁራሽ

ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ
ጥቅምት 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ተናኘ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ሰላምታ ይቀድማል ብለሽ አስተምረሽኛል። እንግዲያው እንደምን ሰነበትሽ። እኔ አለሁ። ጉልበቴም እንዳለ አለ፣ ደረጃውም እንዳለ አለ፤ ኤሌቬተሩ ብቻ ዛሬም ቆሟል።

ስልኩን ለምን ዘጋሽብኝ ላልሽው፣ አልዘጋሁብሽም። እኔ ስጮህ የላይኛው ፎቅ ሰው በእግሩ ደበደበብኝ፤ አንቺ ግን «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ትያለሽ። ከዚህ በላይ ከፍ ካደረግሁ ፖሊስ ይመጣል። ስለዚህ ጆሮሽ እንደዚህ እስካለ ድረስ በወረቀት ይሻላል።

እንዳልሽኝ መጀመሪያ በፍላየር ጀርባ ጻፍሁት፣ የዶሮ ዋጋ ባለበት የሱቅ ወረቀት ላይ። ስህተቱን አየሁና በነጩ ወረቀት ገለበጥሁት። አንቺ አንድ ጊዜ የምትጽፊውን እኔ ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ። በስተርጅና ወጥ ቤትሽ ውስጥ አስቀምጠሽ ፊደል ያስቆጠርሽኝ ለእኔ ብለሽ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለመሄድ ስትሰናጂ ነው። የሚጽፍልሽ ሰው አዘጋጅተሽ ሄድሽ።

ማኅበሩ ባለፈው ቅዳሜ በእትዬ ብርቅዬ ቤት ነበር። አንቺ ብትኖሪ «ሃያ አንድ ማለት ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም ቅዳሜን አትጠብቅም» ትዪ ነበር። የሚሠራ ሰው ምን ያድርግ? ወንበርሽ መስኮቱ ሥር ባዶውን ነበር። ስምሽ ሲጠራ «አለች» ያልሁት እኔ ነኝ። ቃል እንደገባሁልሽ ግንቦት ተራሽ ሲደርስም እኔ ደግሼ አወጣልሻለሁ፤ እስክትመለሺ። የቀረ ሰው ድርሻ አይቀርምና አባ ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱ «ይህ የተናኘ ነው» ብለው ሰጡኝ። ማሞቂያው ላይ አድርቄ ጠቅልዬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ከተሰበረ ፖስታ ቤቱን ጠይቂ እንጂ እኔን አትጠይቂ።

ኤፍራታንና ሕፃኑን ሳሚልኝ። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ኤድመንተን ድረስ! እዚህ ልጅ የጠፋ ይመስል።

ትርፌ


ኤድመንተን
ታኅሣሥ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርፌ፣

ከትልቁ ብርድ ወደ ትንሹ ብርድ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እዚህ የዓይን ሽፋሽፍት በረዶ ሠርቶ ይቆማል ብልሽ አታምኚኝም።

ደብዳቤሽን ኤፍራታን ጠርቼ አሳየኋት። «ይህን የጻፈችው ትርፌ ናት» ስላት፣ «ኖ ዌይ፣ እማዬ!» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ኮራሁ፤ እንደ መምህርትም፣ እንደ እህትም። ፊደልሽ እንደ ዳንቴል ሆኗል። አራት ነጥብ ላይ ስትደርሺ ግን እንደ ተቆጣ ሰው ትጫኛለሽ፤ ወረቀቱ በየመስመሩ መጨረሻ ተበስቷል። ቀለል አድርጊው።

ለመሄድ ስትሰናጂ ነው ላልሽው፣ ሳስበው አንድ ቀን ሙሉ ዋልሁ። ሊሆን ይችላል።

ቁራሹ ሳይሰበር ደርሷል። የእትዬ ብርቅዬ እጅ ነው፣ ጥቁር አዝሙዱን ሳታይ ታውቂዋለሽ። ዓይኔን ሸፍኚኝና የማንን ዳቦ እንደበላሁ ልንገርሽ፤ የፅጌረዳ ይለሰልሳል፣ የእኔ ጨው ያንሰዋል ትያላችሁ፣ የአንቺ ደግሞ ጨው ይበዛበታል፤ ከፋሽም አልከፋሽም። በየወሩ ሌላ እጅ ሲመጣልኝ በየተራ ቤቴ የመጣችሁ ይመስለኛል። እዚህ ሰው አይመጣም ትርፌ። ቢመጣም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ነው የማየው።

ቦታዬን ጠብቂልኝ። ሕፃኑ ትምህርት ቤት ሲገባ እመለሳለሁ። ሕንፃችሁ ሊፈርስ ነው የተባለውም እውነት ከሆነ፣ ዕቃሽን የማሰናዳው እኔ ነኝ። እመጣለሁ። አንቺ ብርጭቆ በጋዜጣ መጠቅለል አትችዪበትም፤ ሌላም ሰው እንዳታስነኪ።

እህትሽ ተናኘ


ኖርዝ ዮርክ
ሚያዝያ 18 ቀን 2002 ዓ.ም.

ተናኘ፣

እንደምን ከረምሽ። አድራሻዬ እንደተቀየረ ከላይ አይተሻል። አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ ወደ ሪጀንት ፓርክ እንመልሳችኋለን ብለዋል። እስከዚያው እዚህ ነኝ።

«ቤቱ ተመቸሽ ወይ» ላልሽው፣ ሰፊ ነው። በመስኮቱ ሲያዩ ያንግ መንገድ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ሰው አለ፣ ጎረቤት የለም። በኮሪደሩ ላይ ሰላም ስላቸው ቁልፋቸው የወደቀባቸው ይመስል መሬት መሬት ያያሉ።

«ሳልመጣ በመቅረቴ» ብለሽ ጀመርሽና ምክንያቱን ሳትጽፊ ስለ ሕፃኑ ጥርስ ማውራት ያዝሽ። መምህርት ሆነሽ ዓረፍተ ነገር ጀምረሽ ስትተዪ የመጀመሪያሽ ነው። እኔ ግን ሌላ ሰው እንዳታስነኪ ብለሽኝ ነበርና አላስነካሁም። ፅጌረዳ ልታግዘኝ ብትመጣ ከበር መለስኋት። ካርቶኖቹ መሐል ተቀምጬ ጠበቅሁሽ። የጭነት መኪናው ሲመጣ ያልታሸገው ከታሸገው ይበዛ ነበር፤ ሹፌሩም ሰዓቱን ያያል። ድስቶቼን አቅፌ መንገድ ላይ ቆምሁ። ሕንፃው ሊፈርስ፣ እኔ ድስት አቅፌ።

ውብአለም የምትባል ሴት አለች፣ አታውቂያትም፣ ከእኛ ታንሳለች፣ ቤተክርስቲያን አጠገቤ ትቆማለች። በዚያ ስታልፍ አይታኝ መኪናዋን አቆመች። የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ሲያልቅ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውልቃ ሳህኖቼን ጠቀለለችበት። ነጠላዋን፣ ተናኘ። አንድም አልተሰበረም።

ቁራሽሽ በውስጡ አለ። የፅጌረዳ እጅ ነው።

ትርፌ


(በፍላየር ጀርባ የተጻፈው)

ኖርዝ ዮርክ
መስከረም 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ተናኘ፣

ይህን ወደ ነጩ ወረቀት መገልበጤን ገና አላውቅም። ልጀምረውና ልየው።

ነሐሴ ላይ ማኅበሩ ሊበተን ሲል እትዬ ብርቅዬ አስቆሙን። «የተናኘ ነገር እንዴት ነው? አደራዋ ያለው አንቺ ዘንድ ነው። ትመለሳለች?» አሉኝ። ውብአለም ልግባ ብላ ጠይቃለች፤ ከአሥራ ሁለት ደግሞ አናልፍም። ማንም አልገፋኝም። «ትመለሳለች» ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እትዬ ብርቅዬ ራሳቸው ይህን እንድላቸው እየጠበቁ እንደነበር ከዓይናቸው አይቻለሁ። እኔ ግን ካርቶኖቹ ትዝ አሉኝ። «የሄደ ሰው ወንበር አይሞቅም፤ ለውብአለም ስጧት» አልሁ።

ሰጧት። ወንበርሽንም፣ ግንቦትንም።

እንግዲህ ስምሽ አይጠራም። ድርሻም የለሽም። ባለፈው እሑድ የራሴን ድርሻ ይዤ መጣሁና አድርቄ ልልክልሽ ተቀመጥሁ። ፖስታው ውስጥ ልከተው ስል እጄ እንቢ አለ። በእመቤቴ ስም የተባረከ ዳቦ ይዤ ልዋሽሽ? አልቻልሁም። መልሼ አወጣሁትና በላሁት፤ አነቀኝ። ከዚያ ዱቄት አቡክቼ ራሴ ጋገርሁ። ባልተባረከ ዳቦ ብዋሽ ኃጢአቱ ያንሳል ብዬ።

ሌላም ልንገርሽ። ውብአለም አጠገቤ ትቀመጣለች። ወደ ቤቴ በመኪናዋ ታደርሰኛለች፣ ኤሌቬተሩ እስኪመጣ አብራኝ ትቆማለች። ስትስቅ እኔም እስቃለሁ። ከሁሉ ይህን ልጽፍልሽ ፈራሁ።


(የተላከው)

ኖርዝ ዮርክ
መስከረም 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ተናኘ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። «ማኅበሩ እንዴት ነው» ላልሽው ሁሉም ደህና ናቸው። እትዬ ብርቅዬ ስኳራቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ብርዱ ጀምሯል።

ቁራሽ በውስጡ አለ።

ጽሑፌ ካጠረብሽ ዓይኔ ደክሞ ነው።

ትርፌ


ኤድመንተን
ጥር 30 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርፌ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ የምጽፈው ብዙ ነው።

የጀመርሁትን ዓረፍተ ነገር ልጨርስልሽ። ያን ጊዜ ሳልመጣ የቀረሁት ኤፍራታ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶባት ነው። አንቺ መኪና ስትጠብቂ እኔ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነበርሁ። «እማዬ፣ ለማንም አትንገሪ» ብላ አስማለችኝ። በኋላም ዳነች ሲሉኝ፣ ካልተወራ አይመለስም ብዬ ዝም አልሁ። አንቺ ተቀየምሽም አልተቀየምሽም ዝም አልሁ።

አሁን ተመለሰባት።

መድኃኒቱ አፏን አምርሮት ውሃ እንኳ ይገማኛል ትላለች። ያንቺን ቁራሽ ግን ጠዋት ጠዋት በጸበል አርሼ «የማርያም ነው» ስላት አፏን ትከፍትልኛለች። ሀገሩን የማታውቅ ልጅ፣ አማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ለዚያ ስትል ብቻ «አሜን» ትላለች። እስከሚቀጥለው ሃያ አንድ እንዲደርስ ጥቂት ጥቂት ነው የማቀምሳት። አደራሽን ትርፌ፣ ወር እንዳታሳልፊ።

ተስያለሁ። ከአልጋዋ ብትነሣልኝ ግንቦት ሃያ አንድ ተራዬን መጥቼ በእጄ እደግሳለሁ ብያለሁ። ዘንድሮ ቀኑ ራሱ እሑድ ይውላል፣ አይተሻል? ወደ ቅዳሜ መግፋት የለም፣ ወደ ኋላ መሳብ የለም። ለእትዬ ብርቅዬ ንገሪልኝ። ይህን ስለት የምከፍለው በዚያ ማኅበር፣ በዚያ ወንበር ነው፤ ሌላ ቦታ የለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልተውሽ። ከመስከረም ወዲህ የሚመጣው ዳቦ በየወሩ ጨው ይበዛበታል። እጅ መለየት አቃተኝ። ጆሮዬ ሄዷል፤ ምላሴም እየሄደ ከሆነ ሳትሸሽጊ ንገሪኝ።

እህትሽ ተናኘ


ኖርዝ ዮርክ
የካቲት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ተናኘ፣

ይህን በፍላየር ላይ አልጻፍሁትም። ከነስህተቱ ይምጣ።

ምላስሽ ደህና ነው። ዳቦው የእኔ ነው።

ከመስከረም ወዲህ ያለው ሁሉ የእኔ ነው። አባ አልባረኩትም፣ ማኅበሩም አያውቀውም። ነሐሴ ላይ ትመለሳለች ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ወንበርሽን ለውብአለም ስጧት ያልሁት እኔ ነኝ። እነሱ ወሰኑ ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፣ ቀላሉ እሱ ነበር። አልወሰኑም። ጠየቁኝ፣ ሰጠሁ። ተቀይሜሽ ነበር፤ ኤፍራታ መታመሟን አላውቅም ነበር ብል እውነት ነው፣ ግን ባውቅ ኖሮ ብዬ ራሴን አላነጻም። አለማወቄ ዳቦ አላስጋገረኝም።

ደብዳቤሽን ያነበብሁት ባቡር ውስጥ ነው። «አሜን ትላለች» ያልሽው ላይ ስደርስ መውረጃዬ አልፎኝ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄድሁ። ካልተባረከ ዳቦ በኋላ «አሜን»። ያን «አሜን» የት እንደማደርገው አላውቅም።

የቅበላው እሑድ ባለተራዋ ስላልተመቻት ማኅበሩ በውብአለም ቤት ነበር። አባ ሳይመጡ ተነሥቼ ነገርኋቸው። እትዬ ብርቅዬ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣

«አንቺ ሴትዮ፣ በበሽተኛ አፍ ነው የቀለድሽው?» አሉኝ።

«አላወቅሁም ነበር እትዬ።»

«ለጤነኛስ ቢሆን?»

ፅጌረዳን ታውቂያት የለ፣ ለቅሶ ቤትም አፏ አይዘጋ፤ «እኛ የትርፌን ጨው በዓመት አንዴ ስንችለው ያጥወለውለናል፤ ያቺ ምስኪን በየወሩ!» አለች። አንድ ሁለቱ ሳቁና አፋቸውን ያዙ። ደስ አለኝ። ከቁጣው ይሻል ነበር።

ውብአለም ግን ከወንበርሽ ላይ ብድግ አለች። «እትዬ ትርፌ፣ የሰው ቦታ መሆኑን ቢነግሩኝ ቆሜ እውል ነበር እኮ» አለችኝ፤ በገዛ ቤቷ፣ እንግዳ ተቀብላ፣ የምታደርገው ጠፍቷት። እሷንም በደልኋት። ቁጭ በዪ አልኋት። የምነሣው እኔ ነኝ።

እንዲህ አደረግን። ወንበሬ የአንቺ ነው። ውብአለም ግንቦትን ለቅቃልሽ የእኔን ኅዳር ትይዛለች። እትዬ ብርቅዬ «አንቺስ?» አሉኝ፤ «አሥራ ሁለት ናችሁ፣ ሞልታችኋል» ብዬ ካፖርቴን ለበስሁ። በሩ ጋ ስደርስ ስም መጥራት ጀምረው ነበር። «ተናኘ» ሲሉ ማንም አልመለሰም፤ ያ የእኔ ሥራ ነበራ። ከዚያ ውብአለም «አለች» ስትል ሰማሁ።

በዚህ ውስጥ ያለው የተባረከ ነው። የውብአለም እጅ ነው፣ ድርሻሽን ማታውን በር ድረስ አምጥታልኝ ነው። ለኤፍራታ ይህን ስጫት፣ የእኔ የተረፈ ካለ ለወፍ በትኚው። ከእንግዲህ የምትልክልሽ ውብአለም ናት።

ባስቆጠርሽኝ ፊደል ዋሸሁሽ። ይቅርታ የሚለውን ቃል በአፌ ብዬው አላውቅም፤ ለሟች ባሌም አላልሁት። ይኸው ጻፍሁት። ይቅርታ። አራት ነጥቡን ቀለል አድርጌዋለሁ።

ትርፌ


ኖርዝ ዮርክ
ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም.

ተናኘ፣

ስላልጻፍሽልኝ የምመልሰው ጥያቄ የለም። እንግዲያው እኔው ልጠይቅና እኔው ልመልስ።

መጥተሽ በእትዬ ብርቅዬ ቤት ደግሰሽ ነበር። ውብአለም ነገረችኝ። ኤፍራታ ሻሽ አስራ በእግሯ ቆማ እንግዳ ትቀበል ነበር አለችኝ፣ ከስታለች ግን ትስቃለች አለችኝ። ተመስገን። ይህን ስሰማ ወንበር ይዤ ተቀመጥሁ። ስለትሽ ወጣልሽ።

እኔ የት ነበርሁ? ቤቴ ነበርሁ። በሩን ሳልቆልፍ ዋልሁ፤ ይህን ሕንፃ ብታውቂው ያስቅሽ ነበር፣ እዚህ ሰው ሦስት ቁልፍ ነው የሚቆልፈው። ከእትዬ ብርቅዬ ቤት እኔ ዘንድ በባቡር ሩቅ አይደለም። ልትመጪ አይገባሽም፤ እኔም ብሆን አልመጣም ነበር። በሩን ግን አልቆለፍሁም።

ውብአለምን «ስለ እኔ ጠየቀች?» አልኋት። ይህች ሴት መዋሸት አትችልም። «አልጠየቁም እትዬ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ «ወንበር ሲደረደር ግን አንዱ ላይ ነጠላቸውን ጣል አድርገውበት ነበር። ሰው ሊቀመጥ ሲል ተይዟል አሉ። እስክንበተን ማንም አልተቀመጠበትም» አለችኝ።

የማን ወንበር እንደነበር አልጠይቅሽም። ቦርሳሽን ልታስቀምጪበትም ይሆናል።

የምልክልሽ ቁራሽ የለኝም። ፖስታው ቀላል የሆነብሽ ለዚህ ነው።

ትርፌ


ኖርዝ ዮርክ
ነሐሴ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.

ተናኘ፣

እንደምን ከረምሽ። ፖስታሽ ዛሬ ደረሰኝ። ቀደድሁት፣ ገለበጥሁት፣ አራገፍሁት፤ ወረቀት የለውም። በናፕኪን የተጠቀለለ የደረቀ ቁራሽ ብቻ።

መጀመሪያ የራሴን የመለስሽልኝ መሰለኝ። ካልተባረኩት አንዱን አስቀምጠሽ ኖረሽ፣ በይ እንኪ ያልሽኝ። ይገባኛል ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርሁት፤ ዳቦ ፊት ያለው ይመስል። ሳህን አጠብሁ። ያጠብሁትን ደግሜ አጠብሁ። ከዚያ መጥቼ ከጥጉ ሰብሬ ቀመስሁት።

የእኔ አይደለም። የእትዬ ብርቅዬ አይደለም፣ አዝሙድ የለውም። የውብአለምም አይደለም። እኔም እጅ እለያለሁ፤ ማን አስተማረኝ? ሐምሌ ሃያ አንድ እዚያ ኤድመንተን ብቻሽን ጋግረሽ፣ ቆርሰሽ፣ ለቀረ ሰው ድርሻ አውጥተሻል።

ተባርኳል ወይ ብዬ አልጠይቅም። ይህን የምጠይቅ ሰው እኔ አይደለሁም። ይቅር ብለሽኝ ይሁን፣ እንዴት እንደሚያንቅ ቅመሺው ብለሽኝ ይሁን፣ እሱንም አላውቅም። ፍርፋሪው እንኳ አልቀረም፤ ቆሜ ጨረስሁት።

ጨው አንሶታል። በሚመጣው ሃያ አንድ ጨምሪበት።

ትርፌ